ቻርጅ እያደረገ የሚያልቅ ባትሪ፦ ለመኪናዬ በእጄ የሠራሁት ፈጣን ቻርጀር

ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከቦሌ አየር ማረፊያ አንድ አዛውንት ጭኜ ወደ አያት እየሄድኩ ነበር። ስልኬ ክሩስኮቱ ላይ ተሰክቷል፣ የመብረቋ ምልክት በርታለች፣ ቻርጅ እያደረገ ነው። ስነሳ 11 ከመቶ ነበር። መገናኛን ሳልፍ 7 ሆነ፣ ሲኤምሲ ስደርስ 3፣ ከዚያ ጠፋ። የሂሳቡ ቆጣሪም፣ የመንገዱ ካርታም፣ የአዛውንቱ ልጅ እየደወለች "የት ደረሳችሁ?" የምትልበትም እሱ ነበር። "አይዞህ ልጄ፣ ቤቱን አልረሳሁትም" ብለው እየመሩኝ ደረስን። ሂሳቡን በራሳቸው ግምት ከፈሉኝ፣ አላጎደሉብኝም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሶኬት ላይ የተሰካ ስልክ እንዴት ባትሪ ይጨርሳል?

ከብዙ ዓመት በፊት በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪሲቲ ተምሬያለሁ፣ ኑሮዬ ግን መኪና መንዳት ነው። ቀን ሙሉ ስልክ ከፍቶ ለሚሠራ ሾፌር ቻርጀር እንደ ጎማ ነው፣ ሲበላሽ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የሞከርኩትን፣ ያቃጠልኩትንና በመጨረሻ የሠራልኝን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ሶልደር ማድረግ የምትችሉ፣ ቮልት የሚለካ ቴስተር ያላችሁ ሁሉ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት መለካት ነው። በቻርጀሩና በኬብሉ መሃል የምትሰካ፣ ቮልትና አምፔር የምታሳይ ትንሽ የዩኤስቢ ቴስተር አለች። ከመሥራታችሁ በፊት እሷን ግዙ። ላዩ ላይ 2.1 አምፔር የሚል የተጻፈበት ቻርጀሬ ስልኬ ሲሰካበት የሚሰጠው 4.6 ቮልትና 0.48 አምፔር ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ሲባዙ 2.2 ዋት ነው። ካርታ ከፍቶ፣ ስክሪኑን እስከ መጨረሻ አብርቶ፣ ዳታ እየተጠቀመ የሚውል ስልክ ከዚያ በላይ ይበላል። መብረቋ የምትነግረን ሽቦው መገናኘቱን ብቻ ነው፣ ምን ያህል እንደሚገባ አትነግረንም።

ቻርጀሩን ፈታሁት። ውስጡ ስምንት እግር ያላት 34063 የምትባል ቺፕ፣ አንዲት ትንሽ ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ)፣ ሁለት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም) እና ጥቂት ሪዚስተሮች (ጅረት የሚገድቡ፣ በኦም የሚለኩ) አሉ። ያቺ ቺፕ በውስጧ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ የሚችለው ለቅጽበት እስከ 1.5 አምፔር ነው፣ ያለማቋረጥ ልትሰጥ የምትችለው ከዚያ በጣም ያንሳል። ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፊውዝ የለውም። ጫፉ ላይ ፊውዝ ሊገባበት የሚገባው ቦታ ባዶ ስፕሪንግ ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ትምህርት ቤት የማውቃት 7805 የምትባል ቺፕ ነበረች። ሦስት እግር ብቻ ስላላት ቀላል ትመስላለች፣ 12 ቮልት ስትሰጧት 5 ቮልት ታወጣለች። ችግሩ የማወጣጫ መንገዷ ነው፤ ትርፉን ቮልት በሙቀት አቃጥላ ትጥለዋለች። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ይባል እንጂ ሞተር ተነሥቶ ዲናሞው ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ይደርሳል። ከ14 ላይ 5 ሲቀነስ 9 ይቀራል። ስልኩ 1 አምፔር ሲጠጣ ለስልኩ የሚደርሰው 5 ዋት፣ በሙቀት የሚጠፋው 9 ዋት ነው ማለት ነው። መዳፍ የሚያህል ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) አስሬባትም በአሥር ደቂቃ ውስጥ በእጅ የማትነካ ሆነች፣ ከዚያ ራሷን ለማዳን ዘጋች። ለመኪና ቻርጀር 7805 አትሞክሩ።

መፍትሔው ኤልኤም 2596 የሚባለው ቺፕ ነው። ይኸኛው ትርፉን አያቃጥልም። በሰከንድ 150 ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ያሳልፋል፣ የተቆራረጠውን ደግሞ ኮይሉና ካፓሲተሩ ተቀብለው ለስላሳ ያደርጉታል። ከገባው ከመቶ 80 ያህሉ ለስልኩ ይደርሳል። የሚችለው እስከ 3 አምፔር ነው፣ በመግቢያው በኩል ደግሞ እስከ 40 ቮልት። ኮይሉም ካፓሲተሩም ተበይዶበት ዝግጁ የሆነ የአውራ ጣት የሚያህል ሞጁል ይሸጣል፤ እኔ ከዱባይ የሚመላለስ ሰው አምጥቶልኝ ነው። ጫፉን፣ ማለትም ሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ውስጥ የሚገባውን ቱቦ፣ ከዚያው ከፈታሁት ቻርጀር ወሰድኩ። ሽቦና ጥቂት ሪዚስተር መርካቶ ምናለሽ ተራ ከተጣሉ የቴሌቪዥን ቦርዶች ላይ ነቀልኩ። ካፓሲተር መቀየር ካስፈለጋችሁ ግን ከአሮጌ ቦርድ አትንቀሉ፣ በሙቀት የደረቀ ሊሆን ይችላል። አዲስ፣ 105 ዲግሪ የሚል የተጻፈበት፣ 50 ቮልት የሚችል ግዙ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መጀመሪያ የመጣችልኝ ሞጁል ገና 1 አምፔር ላይ ከመጠን በላይ ጋለች። በተማርኩበት ኮሌጅ አስተማሪ የሆነ ጓደኛዬ የኤሌክትሪክን ሞገድ በስክሪን በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ሲያያት በ150 ሺህ ሳይሆን በ50 ሺህ ገደማ ነው የምትሠራው። ላዩ ላይ ስሙን ያተሙበት ሌላ ቺፕ ነበረ። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው በሙቀቱ ያውቀዋል፦ 3.3 ኦም የሆነ ባለ 10 ዋት ሪዚስተር መውጫው ላይ አገናኙ። 1.5 አምፔር ገደማ ይጠጣል። ግማሽ ሰዓት ተዉት። ቺፑ ጣት ከሁለት ሰከንድ በላይ የማያስችል ከሆነ ወይም ቮልቱ እየወረደ ከሄደ ያንን ሞጁል ለስልክ አትጠቀሙበት። ሪዚስተሩ ራሱም በጣም ስለሚግል ከፕላስቲክና ከወረቀት አርቁት።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም በላይ እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ነው። ሞጁሉ ላይ ቮልት የምታስተካክሉባት፣ ናስ ብሎን ያላት ሰማያዊ ሳጥን አለች። በጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ነገር ምንም አትል። መኪና ግን ይንቀጠቀጣል፣ ያውም በእኛ ኮብልስቶንና ጉድጓድ። የዚያች ሳጥን ውስጠኛ ንኪኪ ለቅጽበት እንኳ ቢለቅ ቺፑ "መውጫው ላይ ቮልት የለም" ብሎ ያስብና ሙሉ በሙሉ ይከፍታል። ያኔ 14 ቮልት በቀጥታ ስልካችሁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነቅዬ ጣልኳትና በቦታዋ የማይንቀሳቀስ ሪዚስተር ተከልኩ። የእኔ ሞጁል ላይ የታችኛው፣ ማለትም ወደ ኔጋቲቭ የሚሄደው ሪዚስተር 330 ኦም ስለሆነ ከላይ፣ ማለትም ከመውጫው በሚመጣው በኩል፣ 1 ኪሎ ኦምና 47 ኦም በተከታታይ አስገባሁ፣ 5.13 ቮልት ሰጠኝ። የእናንተ የታችኛው ከተለየ ሂሳቡ ይኸው ነው፦ 1.23 ሲባዛ በ(1 ሲደመር የላይኛው ለታችኛው ተካፍሎ)። ከ5.0 እስከ 5.2 መሃል ከሆነ ጥሩ ነው።

ሁሉንም አገናኝቼ፣ ለክቼ፣ ስልኬን ሰካሁት። ቴስተሯ ምን አሳየች? 0.46 አምፔር። 3 አምፔር የሚችል ነገር ሠርቼ ከአሮጌው ቻርጀር ጋር እኩል ሆነ። ሁለት ቀን ሽቦ ስፈትሽ ዋልኩ። ጥፋቱ የሽቦ አልነበረም። ስልክ የሚጠጣውን የሚወስነው ቻርጀሩ ሳይሆን ስልኩ ራሱ ነው። የዩኤስቢ መሰኪያ አራት መስመር አለው፣ ዳርና ዳር ያሉት ለኤሌክትሪክ፣ መሃል ያሉት ሁለቱ ለዳታ። መሃለኞቹ ምንም ካልተገናኙ ስልኩ "የተሰካሁት ኮምፒዩተር ላይ ሊሆን ይችላል" ብሎ ይጠነቀቃል፣ ከግማሽ አምፔር አይበልጥም። ሁለቱ እርስ በርስ ከተገናኙ ግን የቻርጀር ምልክት ነው፣ እስከ 1.5 አምፔር ለመጠጣት ይፈቅዳል። በአንዲት ጠብታ ሶልደር ሁለቱን አገናኘኋቸው። 0.46 የነበረው 1.4 ሆነ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን የእጅ ሥራ አላስታውስም።

አይፎን ለያዘ ሰው ይኼ ብቻ አይበቃም። እሱ በመሃለኞቹ መስመሮች ላይ የተወሰነ ቮልት ይፈልጋል፣ በአንዱ 2.7 በሌላው 2.0። ባለቤቴ አይፎን ስለያዘች ለእሷ ሌላ መሰኪያ አወጣሁ፦ ከ5 ቮልቱ 43 ኪሎ ኦም ወደ ዳታ ፖዘቲቭ፣ ከእሱ 51 ኪሎ ኦም ወደ ኔጋቲቭ። ለዳታ ኔጋቲቩ ደግሞ 75 ኪሎ ኦም ከላይ፣ 51 ኪሎ ኦም ከታች። ይህ 2.1 አምፔር እንዲጠጣ ይፈቅድለታል።

ኬብል። ብዙ ሰው ቻርጀር ቀይሮ ቀይሮ ያልተሻለው በኬብል ምክንያት ነው። የኬብሉ ልባስ ላይ በደቃቅ ፊደል "28" ወይም "24" የሚል የሽቦ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። በ28 ቁጥር የተሠራ 1 ሜትር ኬብል ሄዶ መመለሻው ተደምሮ 0.43 ኦም ያህል ነው። 1.4 አምፔር ሲያልፍበት 0.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከቻርጀሩ 5.1 የወጣው ስልኩ ጋ ሲደርስ 4.5 ነው። ስልኩም ቮልቱ ሲወርድበት መጠጣቱን ይቀንሳል። በ24 ቁጥር ግን የሚጠፋው ሩብ ቮልት እንኳ አይሞላም። ወፍራምና አጭር ኬብል ግዙ። ቅርጹ ወፍራም ሆኖ ውስጡ ቀጭን የሆነም ስላለ በቴስተሯ አረጋግጡ።

አሁን ወደ መከላከያው። ስለ ፍጥነት የጻፍኩትን ብትረሱት ስልካችሁ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ይህንን ብትረሱት ግን መኪናችሁም ስልካችሁም ሊጎዳ ይችላል።

ፊውዙ ከሁሉ ይቀድማል፣ ከጫፉ ፖዘቲቭ ቀጥሎ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት። የመኪናው የራሱ ፊውዝ አለልኝ አትበሉ፤ ለዚያ ሶኬት ብዙ ጊዜ የሚገባው 15 አምፔር ነው፣ እሱ እስኪበጠስ ቀጭን ሽቦ ይቀልጣል። የእኛ ቻርጀር ከባትሪው የሚወስደው ከ1 አምፔር በታች ስለሆነ 2 አምፔር ይበቃል።

ከፊውዙ በኋላ በፖዘቲቩና በኔጋቲቩ መሃል ቲቪኤስ የሚባል ዳዮድ አስገባሁ፣ ቁጥሩ 1.5ኬኢ24ኤ። የመኪና ኤሌክትሪክ እንደ ቤት ኤሌክትሪክ የተረጋጋ አይደለም። ሞተሪኖው ሲሠራ፣ በተለይም ዲናሞው እየሞላ ሳለ የባትሪው ገመድ ቢላቀቅ፣ ለቅጽበት በጣም ከፍተኛ ቮልት ይነሣል። ይህ ዳዮድ በ24 ቮልት ገደማ መሳብ ይጀምርና ከ33 በላይ እንዳያልፍ ይይዘዋል፤ ቺፑ 40 ስለሚችል ይተርፋል።

ሦስተኛው በመውጫው ላይ ነው፦ 5.6 ቮልት የሆነ ባለ 5 ዋት ዜነር ዳዮድ፣ 1ኤን5339ቢ። ቺፑ ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሾርት ሆኖ ነው፣ የመኪናውን ቮልት እንዳለ ያሳልፋል። ያኔ ዜነሩ ጅረቱን ወደ ራሱ ይስብና ፊውዙን ያስበጥሰዋል። ወሬ እንዳይሆንብኝ ሞክሬዋለሁ። ያቺን አስመሳይ ሞጁል ሠዋኋት፣ በስልክ ፋንታ ሪዚስተር ሰካሁና የቺፑን መግቢያና መውጫ እግር በሽቦ አገናኘሁ። ፊውዙ ወዲያው በጠሰ። ዜነሩም ሾርት ሆኖ ቀረ፣ መሆን የሚገባውም እንዲያ ነው።

አንድ የአይሱዙ ኤፍኤስአር ሾፌር ወዳጄ አይቶ ስለወደደው ተመሳሳይ ሠርቼ ሰጠሁት። በማግስቱ ደወለና "ወንድሜ፣ ገና ስሰካው ሞተ" አለኝ። ስህተቱ የእኔ ነው። ኤፍኤስአር 24 ቮልት መኪና ነው፣ ሞተሩ ተነሥቶ 28 አካባቢ ይሰጣል። በ24 መሳብ የሚጀምረው ዳዮዴ ወዲያው ሥራውን ጀመረ፣ ፊውዙ ተበጠሰ። ስልኩ ምንም አልሆነም፣ ለዚህ አመስግኛለሁ። ለ24 ቮልት መኪና የምትሠሩ ከሆነ ዳዮዱ 1.5ኬኢ36ኤ ይሁን። እሱ ደግሞ እስከ 50 ቮልት ድረስ ስለሚያሳልፍ ተራው ኤልኤም 2596 አይችለውም፣ መጨረሻው ላይ ኤችቪ የሚል ፊደል ያለበትና እስከ 60 የሚችለው ያስፈልጋል። ከመሥራታችሁ በፊት መኪናው 12 ቮልት ይሁን 24 ጠይቁ።

ሁሉንም ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። መጀመሪያ ፕላስቲክ ነበረ፣ ግን ቻርጀሩ በተሰካ ቁጥር ሸገር 102.1 እየሻሸ አላሰማ አለኝ። ያ የመክፈት የመዝጋቱ ድምፅ ሬዲዮው ውስጥ ሲገባ ነው። ቆርቆሮውን ከኔጋቲቩ ጋር አገናኝቼ፣ መውጫው ሽቦ ላይ ከተጣለ የኮምፒዩተር ገመድ የወሰድኩትን ጥቁር የፌራይት ቀለበት ሳጠልቅ ጠራ። ቦርዱ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ካርታ ተከፍቶ፣ ስክሪን በርቶ፣ ባለ 4000 ሚሊአምፔር ባትሪ ያለው ስልኬ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ከመቶ ይጨምራል። ድሮ ይቀንስ እንደነበር አስታውሱ።

"ከዚህ የሚፈጥን የለም ወይ?" ለምትሉ፣ አለ። ብዙ ስልኮች በ5 ቮልት ብቻ አይወሰኑም፤ ኩዊክ ቻርጅ በሚባለው ፈጣን ዘዴ በመሃለኞቹ መስመሮች ከቻርጀሩ ጋር ተነጋግረው 9 ቮልት ይጠይቃሉ። በ9 ቮልት 2 አምፔር 18 ዋት ነው፣ አምፔሩ ሳይበዛ ስለሆነ ኬብሉ ላይ የሚጠፋው ከመቶ ሲታይ ያንሳል። ይህንን ንግግር በሪዚስተር መሥራት አይቻልም፣ ለዚሁ የተሠራ ቺፕ ያስፈልጋል። ኩዊክ ቻርጅ የሚችል ዝግጁ ቦርድ ገዝቼ በኤልኤም 2596 ቦታ አስገባሁት፤ ፊውዙ፣ ቲቪኤሱ፣ ቆርቆሮው እንዳሉ ቀሩ። ግን የ5.6 ቮልቱን ዜነር ማውጣት ግድ ነው፣ አለዚያ ስልኩ 9 ቮልት በጠየቀ ቅጽበት ሾርት ይሆናል። ፊውዙም 3 አምፔር ይሁን። የዜነሩ መከላከያ ስለቀረ ቀን ለሥራ የምጠቀመው ያው የ5 ቮልቱን ነው። ፈጣኑን ምሳ ስበላ፣ እኔው አጠገቡ እያለሁ እሰካዋለሁ። ስክሪኑ ጠፍቶ በአንድ ሰዓት ከ20 ወደ 70 ያደርስልኛል።

ሙቀት ሌላው ጠላት ነው። ስልክ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ቻርጅ ሲደረግ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ባትሪውን ለማዳን ራሱ መጠጣቱን ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ቀትር ላይ ከ1.4 ወደ 0.5 ወርዶ ቻርጀሬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። መያዣውን ከመስታወቱ አንሥቼ የንፋሱ መውጫ አፍ ላይ አደረግሁት፣ ተመለሰ። በጋ ላይ ማሞቂያው መዘጋቱን አረጋግጡ፤ በክረምት ደግሞ ሙቅ አየር ሲለቀቅ ስልኩን ከዚያ አንሡት።

ስትጨርሱ ስልክ አትሰኩ። መጀመሪያ ሞተር ሳይነሣ መውጫውን በቴስተር ለኩ፣ የትኛው ፖዘቲቭ የትኛው ኔጋቲቭ እንደሆነም አረጋግጡ፤ የጫፉ መሃል ፖዘቲቭ፣ ጎንና ጎን ያሉት ክንፎች ኔጋቲቭ ናቸው። ከዚያ ሞተር አስነሡ፣ እንደገና ለኩ። መብራቱን፣ ማራገቢያውን አብሩ አጥፉ፣ ቮልቱ ከ5.2 እንዳያልፍ እዩ። የ3.3 ኦሙን ሪዚስተር አገናኝታችሁ ግማሽ ሰዓት ንዱ፣ ስትመለሱ ጫፉን ንኩ፤ ቱቦው ራሱ ከጋለ ስፕሪንጉ በደንብ አልተያያዘም ማለት ነው፣ ሶልደር ጨምሩበት። ከዚያ መጀመሪያ አሮጌ ስልክ ሰኩ። እኔ ለሦስት ቀን ስክሪኗ የተሰነጠቀውን ስልኬን ነው እየሰካሁ የዋልኩት፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት የሥራዬን ስልክ ሰካሁ።